ራምቦ ያልኖረበት የራምቦ ቤት፦ የሐረር የግማሽ ቀን ጉብኝት ምን ይመስላል?

ውጤቱን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል፤ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው እየጠፋ ነው። ጉብኝቱን ለእግራችሁ ስትሉ ግቡበት። ለጆሯችሁ ግን ወንፊት ይዛችሁ ሂዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን መጥታለች። ከሄደች ሃያ ዓመት ሞልቷታል፣ ሐረርን አይታ አታውቅም፣ "ሐረርን ሳላይ አልመለስም" እያለች ከአውሮፕላን ከወረደችበት ቀን ጀምሮ ስትነዘንዘኝ ከረመች። እሺ ብዬ በድሬዳዋ በኩል ወሰድኳት። ያረፍንበት ቤት እንግዳ የሚቀበለው ልጅ "የታዋቂ ሰዎች ዱካ" የሚባል የግማሽ ቀን የእግር ጉብኝት አለ፣ አስጎብኚ ልጥራላችሁ ወይ አለን። ለሁለታችን 2000 ብር፣ የየሙዚየሙ መግቢያ ለብቻ። ባለ ቀለም በራሪ ወረቀትም አብሮ ይሰጣል። ሰባት ታዋቂ ሰው፣ ሰባት ቤት፣ ከነፎቶው። ይሄ ሁሉ ከየት ተገኘ የሚል ግን አንድ መስመር የለበትም።

የድርጅቱን ስም አልጽፍም። አስጎብኚው ጥሩ ልጅ ነው፣ እንጀራው ነው፣ ደግሞም የምነግራችሁ ችግር የእሱ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተባብለን ገና ሩብ ጉዳይ ሲሆን በር ላይ ቆሞ አገኘነው። ለዚህ ብቻ ግማሽ ማርክ ይገባዋል። ከፈረስ መጋላ ተነስተን በመኪና ግርግር ወረድን። መኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ስሙ የመጣው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ይሄኛው ስም ማስረጃ አይፈልግም፣ ቆም ብሎ መስማት ነው። ልጁ ጁገልን፣ በግንብ የታጠረችውን አሮጌዋን ከተማ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሄድባታል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቀጭን መንገድ አስገብቶ ባልጠበቃችሁት በኩል ያወጣችኋል። አንድ የሐረሪ ቤት አስገባን፣ ነደባው ላይ፣ ከፍ ተደርጎ በተሠራው መቀመጫ፣ ተቀምጠን ቡና ጠጣን፣ የቤቱ እናት ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን የስፌት ሥራዎች አንድ በአንድ እያወረዱ አሳዩን። ልጁ እኚህን የሰማንያ ዓመት እናት "አንቺ" ሲላቸው የአክስቴ ልጅ ክው አለች። በዚያ አገር አንቱታ ብዙም እንደማይታወቅ፣ "አንቺ" ያለው ንቀት እንዳልሆነ ሳስረዳት ደግሞ ወደደችው። ማታ እናቷን ደውላ "አንቺ" ብላ ጀመረቻት፣ እዚያ አልቀጥልም።

ስለዚህ መንገዱ፣ ቡናው፣ ሰላምታው እንከን የለውም። ጁገል ውስጥ 368 ቀጫጭን መንገድ አለ ሲለን ግን "ማን ቆጠረው?" አልኩት። እንዲሁ ለጨዋታ ነበር የጠየቅኩት።

"አቦ፣ ሁሉም ይላል" አለኝ።

ወይ ይቺ "ሁሉም ይላል"! ቀኑን ሙሉ አብራን ዋለች። ሐረር ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ 82 መስጊድና 102 የአውልያ ደሪህ (የቅዱሳን መቃብር) አላት ተብሎ ተጽፏል። ይሄን ቁጥር ብትጠራጠር እንኳ የምትጠይቀው አካል አለ። "ሁሉም" ግን ቢሮ የለውም።

ቀጥሎ አንድ ሰማያዊ በር ፊት አቆመንና "ሪቻርድ በርተን ያደረው እዚህ ነው" አለን። በርተን እንግሊዛዊ ተጓዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ ላይ፣ በእኛ 1847 ማለት ነው፣ ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ቆይቶ ወጥቷል። የከተማዋ ገዢ አሚር አሕመድ ፊትም ቀርቧል። ይሄን የምናውቀው ራሱ ስለጻፈው ነው። ያሳረፉት የት ነው ከተባለ፣ እሱ የሚለው ከአሚሩ ግቢ ቅርብ በሆነ፣ የአሚሩ በሆነ ሌላ ቤት ነው። ሰማያዊው በር ከዚያ ጋር በምን ይገናኛል? "የቤቱ ሽማግሌ ነግረውኛል" አለ ልጁ። ሽማግሌውን ማግኘት ይቻላል? ሞተዋል። ነፍስ ይማር፣ ሌላ ምን ይባላል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሰውዬው ራሱ ጻፈው ማለት ደግሞ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። "ሐረር የገባሁ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ" ያለው በርተን ራሱ ነው። በራሪ ወረቀቱ ይሄን እንዳለ አንስቶ "የመጀመሪያው አውሮፓዊ" ብሎ በደማቁ ጽፎታል። የገዛ ገድሉን የሚተርክ ሰው ምስክርነቱ ባደረበት ቤት ላይ ይታመን ይሆናል፣ በአንደኝነቱ ላይ ግን "ብሏል" ብሎ ማለፍ ነው የሚሻለው።

ከዚያ ራስ ተፈሪ ቤት። ልጁ ደረጃው ሥር ቆመና "ጃንሆይ የተወለዱት እዚህ ነው" አለ። እዚህ ጋ መታገስ አቃተኝ። ንጉሠ ነገሥቱ የሕይወት ታሪካቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈዋል፤ የተወለዱት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ኤጀርሳ ጎሮ ነው። ኤጀርሳ ጎሮ ከሐረር ወጣ ያለች ቦታ ናት፣ ጁገል ውስጥ አይደለችም። ይሄን ስለው ምንም ሳይደነግጥ "እሺ፣ ጫጉላቸውን ነው እዚህ ያሳለፉት" አለኝ። በአንድ ትንፋሽ ከልደት ወደ ሠርግ! የጫጉላው ወሬ በየጎብኚው አፍ ያለ ነው። ማን አየ፣ ማን ጻፈ ስለው መልሱ ያችው "ሁሉም ይላል" ሆነች።

የቤቱ ስም ራሱ ግን አንድ ነገር ይነግራችኋል። ተፈሪ መኮንን ሐረርን እንዲገዙ የተሾሙት በ1902 ዓ.ም. ነው፣ እቴጌ መነንን ያገቡት በ1903 ነው፣ በዚያን ጊዜ ማዕረጋቸው ደጃዝማች ነበር። ራስ የተባሉት አልጋ ወራሽ ሲሆኑ መስከረም 1909 ላይ ነው። ስለዚህ ሙሽራው ቤቱ ውስጥ ነበሩ ቢባል እንኳ "ራስ ተፈሪ ቤት" የሚለው ስም ከሙሽርነታቸው በኋላ የመጣ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ቢነግረን ልጁን ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ ጁገልን አዞረው ነበር።

በነገራችን ላይ እዚያው ቤት ውስጥ ያለው የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም የቀኑ ምርጥ ሰዓት ነበር። ሰውዬው ከከተማው ቤተሰቦች የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ ልብስ፣ የድሮ ዘፈን ቅጂ እያሰባሰበ ያቆመው ነው። በራሪ ወረቀቱ ለዚህ ሃያ ደቂቃ ነው የመደበው። ሁለት ሰዓት ስጡት።

አሁን ወደ ዋናው። የራምቦ ቤት።

የአክስቴ ልጅ የሰማችው ስሙን ብቻ ነው። ጡንቻውን ያሳበጠ፣ ግንባሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረ ወታደር ነበር የጠበቀችው። ይሄኛው ራምቦ ሌላ ነው። አርተር ራምቦ፣ ፈረንሳዊ ገጣሚ፣ እ.ኤ.አ. በ1854 ሻርልቪል ተወለደ። ፈረንሳዮች ዛሬም የሚያነቡለትን ግጥም ጽፎ የጨረሰው ገና በሃያ ዓመቱ አካባቢ ነው። ከዚያ እርግፍ አድርጎ ተወው። በታኅሣሥ 1873 ዓ.ም. (በነሱ 1880) የመን ያለችው ኤደን ላይ መቀመጫውን ላደረገ ባርዴ ለሚባል ነጋዴ ተቀጥሮ ቡናና ቆዳ ሊገዛ ሐረር መጣ። እየሄደ እየተመለሰ ሦስት ጊዜ ኖረባት። በ1891 (ከዚህ ወዲያ የምጠራው ዓመት በነሱ ነው) እግሩን አሞት በቃሬዛ ተሸክመው አወጡት፣ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፣ በዚያው ዓመት በ37 ዓመቱ ሞተ።

ቤቱ ያምራል። ባለ ፎቅ ነው፣ እንጨቱ የተቀረጸ፣ መስኮቱ ባለ ቀለም መስታወት፣ ጣሪያው ሥዕል ያለበት። ጠዋት ብትሄዱ ብርሃኑ በመስታወቱ ገብቶ ወለሉን በቀይና በአረንጓዴ ይቀባዋል። ከላይ ሆናችሁ ጁገልን ታዩታላችሁ። ለፎቶ የሚሄድ ሰው አይቆጨውም።

ልጁ ፎቅ ላይ አወጣንና እጁን ዘርግቶ "ራምቦ ይሄን ቤት አሠራው፣ ይቺ መኝታ ቤቱ ናት፣ በዚህ መስኮት እያየ ግጥም ይጽፍ ነበር" አለን።

አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ሦስት በሬ ወለደ።

ቤቱን ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው፣ ያውም ከራምቦ ዘመን በኋላ። ስለዚህ መኝታ ቤቱም አብሮ ቀረ። ግጥሙንም ሐረር ከመድረሱ ከዓመታት በፊት ትቶታል። እዚህ ሆኖ የጻፈው ደብዳቤና የንግድ ሒሳብ ነው። ለእናቱና ለእህቱ እየጻፈ ይነጫነጫል፣ ሰለቸኝ ይላል፣ የሙያ መጻሕፍት ላኩልኝ ይላል። ስለ ኦጋዴን የጻፈውን ዘገባ የፈረንሳይ ጂኦግራፊ ማኅበር በ1884 አትሞለታል። መስኮት ላይ ቆሞ ከሚተክዝ ገጣሚ ይልቅ የቡና ዋጋ የሚያንገበግበው ነጋዴ ለእኔ የበለጠ ሰው ይመስላል፣ ግን ይሄ የእኔ ጣዕም ነው።

አሁን ያለው ቤት በተሠራበት ቦታ ላይ ቀድሞ በነበረ ቤት ውስጥ ኖሯል የሚሉም አሉ። ይሄኛው ቢያንስ ከዘመን ጋር አይጣላም። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባል የለ? እዚህ ግን ተገልብጦ ስሙ ከውጭ መጣና ቤቱ ተከተለው።

እንዲያው ልጁ ቢያውቀው ኖሮ ግሩም አድርጎ የሚተርከው ታሪክ ደግሞ አለ። ኢቭሊን ዎ የሚባል እንግሊዛዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1930 ለጃንሆይ ዘውድ በዓል መጥቶ ሳለ ሐረር ድረስ ሄዶ ስለ ራምቦ አጠያይቋል። የጠየቀው ሞንሴኞር ዣሮሶን ነው፤ በሐረር ለረጅም ዘመን የኖሩ የካቶሊክ ጳጳስ ናቸው፣ ልጅ ተፈሪንም ያስተማሩ። መጀመሪያ አልተግባቡም። ጸሐፊው "ገጣሚ" ሲል ጳጳሱ "ቄስ" ያለ መሰላቸው፤ በፈረንሳይኛ ሁለቱ ቃላት ለጆሮ ይቀራረባሉ። እንዲህ የሚባል ቄስ እዚህ አገልግሎ አያውቅም ብለው ድርቅ አሉ። በኋላ ገባቸው። አዎ፣ አውቀው ነበር አሉ፦ ጢማም ወጣት፣ እግሩን የሚያመው፣ ከሰው የማይቀላቀል፣ ንግዱ የሚያስጨንቀው። ቤቱስ? አደባባዩ አጠገብ የነበረች ትንሽ ቤት ናት፣ ፈርሳለች።

ልብ በሉ። ሰውየውን በዓይናቸው ያዩ፣ ከተማው ውስጥ የኖሩ፣ ምንም የሚሸጡት ነገር የሌላቸው ሽማግሌ "ፈርሳለች" ብለዋል። ያውም በ1930። ከአርባ ዓመት በኋላ የተነገረ ትዝታ ስለሆነ ሊሳሳቱም ይችላሉ፣ ግን ቢያንስ ማን እንዳለው፣ ለማን እንዳለው፣ መቼ እንዳለው ይታወቃል። እኔ ከአስጎብኚ የምፈልገው ይሄንኑ ነው። ልክ ካልሆነም የት ጋ ሊሳሳት እንደሚችል እንዳውቅ።

በጣም ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። እዚያው የራምቦ ቤት፣ ሙዚየም ነውና፣ ግድግዳው ላይ የድሮ ሐረር ፎቶዎች ተሰቅለዋል፣ የራምቦም አሉበት። በ1883 ካሜራ አስመጥቶ ራሱን አንስቷል። አንዱ ላይ ቤት ሰገነት ላይ ቆሟል፣ አንዱ ላይ ቡና አትክልት ውስጥ፣ አንዱ ላይ ሙዝ መሃል እጁን አጣጥፎ። ለቤተሰቡ ሲልካቸው በደብዳቤው አንድ በአንድ ዘርዝሯቸዋል፣ መጥፎ ውሃ ስለተጠቀምኩ ነጥተዋል ብሎም ይቅርታ ጠይቋል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል? ሰውየው፣ ቦታው፣ ዓመቱ፣ የንጣቱ ምክንያት ሳይቀር በራሱ እጅ። ልጁ በእነዚህ ፎቶዎች ፊት ምግብ እንደሚያመልጠው ሰው በሩጫ አለፈ። እውነተኛውን ጥሎ ወደ መስኮቱ!

ስንወርድ ደረጃው ላይ "ትልቅ ባሪያ ነጋዴ ነበር" ብሎ ጨመረልን። ይሄም የቆየ ክስ ነው፤ በ1930ዎቹ አንዲት የሕይወት ታሪኩን የጻፈች ምሁር አንስታው ዓለምን ዞሯል፣ በኋላ ሰነዶቹን ያዩ ሌሎች ተመራማሪዎች አልተቀበሉትም። ይሄ ማለት ግን ሰውዬው ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም። በ1889 መጨረሻ ለአልፍሬድ ኢልግ፣ ለምኒልክ ስዊዛዊ መሐንዲስ፣ በጻፈው ደብዳቤ አንድ ጥሩ በቅሎና ሁለት ባሪያ ልጆች እንዲገዛለት ጠይቋል። ኢልግ ባሪያ ገዝቼ አላውቅም፣ አሁንም አልጀምርም ብሎ መለሰለት። ደብዳቤው እንዲህ ነው የሚለው። "ትልቅ ባሪያ ነጋዴ" አይልም፣ "ምስኪን ገጣሚ" ብለን እንድናልፈውም አይፈቅድም። ምንጩን ስትይዘው ታሪኩ ከሁለቱም ወገን ወሬ የከበደ ይሆናል።

የጠመንጃው ነገር ሲነሳ ግን ልጁን ማመስገን አለብኝ። ራምቦ ለምኒልክ ጠመንጃ አምጥቶ እንደከሰረ በደንብ ነገረን፣ ያውም ትክክል ነው። ከታጁራ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ በ1887 ሸዋ ደረሰ፣ ምኒልክ በዚያው ሰሞን ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን አሸንፈው ሐረርን ይዘው ተመልሰዋል፣ እንጦጦ ላይ ተገናኙ፣ የሞተው ሸሪኩ የነበረበትን ዕዳ ቆርጠው አስቀሩበት፣ ለተረፈውም ሐረር ላይ ከራስ መኮንን ዘንድ ተቀበል ብለው ወረቀት ሰጡት። የአክስቴ ልጅ "ቼክ ሰጡት በለኛ" አለች። ልጁ ሲያወራ ዓይኑ በራ። ይሄን የት አነበብከው ስለው ደግሞ አንድ ፈረንሳዊ መምህር የደብዳቤዎቹን ትርጉም ትቶለት እንደሄደ ነገረኝ። ያነበበውን ሲናገርና የሰማውን ሲናገር ድምፁ ራሱ ይለያል።

ማታ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ በራሪ ወረቀቱን ስልኬ ላይ ፈለግኩት። ቃል በቃል፣ ከነፊደል ግድፈቱ፣ አንድ የጉዞ ገጽ ላይ አገኘሁት። ገጹ ምንጭ ብሎ የጠቀሰው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "የአካባቢው አስጎብኚዎች"። አስጎብኚው ከገጹ፣ ገጹ ከአስጎብኚው። እንደ እንዝርት ሲሽከረከር ይኖራል፣ በዞረ ቁጥር አንድ ክር ይጨመርበታል፣ ከአሥር ዓመት በኋላ መጽሐፍ ውስጥ ይገባና "ተጽፏል" ይባላል።

የሐረር ብቻ በሽታ አይደለም። የሩሲያው ገጣሚ ፑሽኪን ቅድመ አያት ጋኒባል ለሩሲያ ሴኔት ባስገባው ማመልከቻ "ላጎን" የምትባል ከተማ ተወለድኩ ብሏል። አገሩን አልጠራም። ከዚያች አንዲት ቃል ተነስቶ ኤርትራ ያለችው ሎጎ ናት የሚል አለ፣ በካሜሩን በኩል ያለችው ሎጎን ናት የሚል አለ። አዲስ አበባም አስመራም ለፑሽኪን ሐውልት አቁመዋል። በአንጻሩ "ማንዴላ ኮልፌ ሠልጥኗል" ሲባል በሬ ወለደ የሚመስለው ሰው አጋጥሞኛል፣ እሱ ግን እውነት ነው፤ ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዱን በራሱ የሕይወት ታሪክ ጽፎታል። ለማመን የሚከብደው እውነት፣ ደስ የሚለው ውሸት ሆኖ ይገኛል አንዳንዴ።

በማግስቱ ብቻችንን ስንዞር አንድ ሱቅ በራፍ ላይ ሻይ የሚጠጡ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጥን። ልጅነታቸውን በቁርኣን ትምህርት ቤት ነው ያሳለፉት። ስለ ራምቦ ቤት አጫወትኳቸው። "ሰነዱስ?" አሉኝ። ወረቀት የጠየቁኝ መስሎኝ ስልኬን ላሳያቸው ስል ሳቁብኝ። ሰነድ የምንለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፣ በሐዲስ ትምህርት ደግሞ ትርጉሙ ወረቀት አይደለም። ይሄን ነገር እገሌ ከእገሌ ሰማ፣ እገሌ ደግሞ ከእገሌ፣ እያለ እስከ መጀመሪያው ተናጋሪ የሚደርስ የሰዎች ሰንሰለት ነው። መሃል ላይ አንድ ቀለበት ከጎደለ ወይም አንዱ ሰው የማይታመን ከሆነ ነገሩ ደካማ ነው ተብሎ ይያዛል። "ድሮ ልጅ ሆነን አንድ ቃል ይዘን ከቤት ስንመጣ መጀመሪያ የምንጠየቀው ማን ነገረህ ነው" አሉ። እንዲህ ዓይነት ትምህርት በየመስጊዱ በነበረበት ከተማ "ሁሉም ይላል" የምትባል ሰነድ መሸጧ ትንሽ ይገርማል።

አንድ ስም ደግሞ በራሪ ወረቀቱ ላይ ፈልጌ አጣሁ። ጃሚ። ራምቦ ሐረር ሳለ ያገለገለው ልጅ ነው። ማርሴይ ሆስፒታል ተኝቶ ሊሞት ሲል ስሙን ይጠራው እንደነበር እህቱ ኢዛቤል ጽፋለች። ለጃሚ የሚሆን ገንዘብም ተናዝዞለት ነበር፣ እህቱ በካቶሊክ ሚሲዮኑ በኩል ላከች፣ ገንዘቡ ሲደርስ ግን ጃሚ ሞቶ ስለነበር ለወራሾቹ ሆነ። ከሰባቱ ታዋቂዎች ከአንዳንዶቹ ይልቅ የዚህ ልጅ ነገር በደብዳቤ የተደገፈ ነው፣ ያውም የአገሩ ሰው ነው። ሰማያዊ በር ላይ ቆሜ ከማጨበጭብ "ጃሚ በዚህ ከተማ ኖረ" ቢባል ይበቃኝ ነበር፣ ቤቱን ሳያሳዩኝ።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ ጠዋት ጀምሩ፣ ከቀትር በኋላ ፀሐዩም ጫቱም ከተማዋን ያረጋጋታል። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። ዓመት ሲነገራችሁ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ፤ የእኛ አስጎብኚ የነሱንና የእኛን ሲቀላቅል ራምቦ ከሞተ በኋላ ሦስት ዓመት ነግዷል። አሚር ኑር ደሪህ ጋ ጸጥ በሉ፣ ሰዎች ዱዓ ላይ ናቸው። ፎቶዎቹ ጋ ልጁን እጁን ይዛችሁ አቁሙት። "ማን አየ? ማን ጻፈ?" ብላችሁ ስትጠይቁ ደግሞ በፍቅር ይሁን፤ እኔ ራስ ተፈሪ ቤት ጋ ትንሽ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፣ የአክስቴ ልጅ እስካሁን ትወቅሰኛለች።

ማርክ ስጥ ካላችሁኝ ለመንገዱ ከአምስት አምስት፣ ለወሬው ሁለት። ስንለያይ ከዋጋው ላይ ጨምረን ሰጠነው፣ ስለ ጳጳሱም ነገርኩት። "አቦ፣ ፈርሷል ብዬ ማን ይከፍለኛል?" ብሎ ስቆ ሄደ።

አዲስ አበባ ከተመለስን ከሁለት ሳምንት በኋላ በማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ከኋላው የሰው ጫጫታ፣ የመኪና ግርግር ድምፅ ይሰማል።

"እኔ ነኝ፣ የሐረሩ። ፈረንሳዮች ይዣለሁ። ያ ጳጳስ ቤቱ ፈርሷል ያለው በ1930 ነው አይደል?"

"አዎ።"

"በኛ ነው በነሱ?"

"በነሱ። በኛ 1923።"

"ቆይ ልጻፈው" አለኝ።